መቅኔ፣ እርሳስና አኩሪ አተር

የራጅ ክፍል ሠራተኛ ደረቱ ላይ የሚሰካት ትንሽ ባጅ አለችው። አታስጠነቅቅም፣ አትከላከልም፤ የገባበትን ጨረር ዝም ብላ ትመዘግባለች። ጊዜዋ ሲደርስ ተሰብስባ ለንባብ ትላካለች። እንዲህ ያሉ ባጆችን የሚያነበው የእስራኤል ዋና ላቦራቶሪ ሶሬቅ በሚባለው የኑክሌር ምርምር ማዕከል ውስጥ ነው። እኔ የምኖረው ያቭኔ ነው፤ ማዕከሉም ከከተማችን በስተ ምዕራብ፣ ወደ ባሕሩ በሚወስደው አሸዋ ላይ ተቀምጧል። እኔ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ስሄድ ባጄ ለንባብ ወደ እኔ ሰፈር ትመጣለች።

ሶሬቅን ዓለም የሚያውቀው በሪአክተሩ ነው። አሜሪካ በፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ዘመን «አቶም ለሰላም» ባለችው ፕሮግራም የሰጠችው፣ 5 ሜጋዋት አቅም ያለው፣ ውኃ ገንዳ ውስጥ የተቀመጠ ሪአክተር ነው። ሥራ የጀመረው በ1960 ጁን ላይ ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሕንፃውን የነደፈው ዝነኛው አሜሪካዊ አርክቴክት ፊሊፕ ጆንሰን በመሆኑ ለሥነ ሕንፃ ብለው ፎቶውን የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። ሰው ስለ ቦታው ሲያወራ ግን ወሬው ሁልጊዜ ስለ ፖለቲካና ስለ ሚስጥር ነው። የእኔ ጉዳይ እሱ አይደለም።

የእኔ ጉዳይ መድኃኒቱ ነው። ጨረር በሰውነት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚያስቀር አንድ ነገር ፍለጋ ከተጀመረ ከ70 ዓመት በላይ ሆኗል። አንዱ አልተገኘም። የተገኙት ብዙ ግማሽ መድኃኒቶች ናቸው፤ አንዱ ደምን ያድናል አንጀትን ግን አይነካም፣ ሌላው እንቅርት የሚወጣበትን ዕጢ ብቻ ይጠብቃል፣ ሦስተኛው ከጨረሩ በፊት ካልተወሰደ ዋጋ የለውም። ታሪኩ እንግዲህ እነዚህን ግማሾች አብሮ የመስጠት ታሪክ ነው። የዚህ ታሪክ ትልቅ ክፍል የተሠራው ደግሞ እኛ የኢትዮጵያ አይሁዶች በሰፈርንባቸው ከተሞች አጠገብ፣ ከያቭኔና ከገዴራ ብዙም በማትርቀው በሬሆቮት ነው። ይህን ሰፈሬ ውስጥ ሲያወራ የሰማሁት ሰው የለም።

ነገሩን እንድከታተል ያደረገችኝ የቅርያት ማላኪ ጎረቤታችን ናት። ወላጆቼ ከጊዜያዊው የካራቫን ቤት ወጥተው የመጀመሪያ ቤታቸውን ያገኙት እዚያ ነው። ቅርያት ማላኪ በ1951 የተቆረቆረችው ቃስቲና በሚባለው መዓባራ፣ ማለትም ለአዲስ ገቢዎች በድንኳንና በቆርቆሮ በተሠራ ሰፈር አጠገብ ነው። ከእኛ በፊት ከሰሜን አፍሪካ የመጡት ብዙ ነበሩ። ጎረቤታችንም ሞሮኮዊት ናት። እናቴ ቡና ስታፈላ ሽታው በደረጃው ሲወርድ ትመጣና ትቀመጣለች፤ በበጋ ወላፈንም ቢሆን ሻሿን አታወልቅም። እናቴ ለሃይማኖቷ ነው ብላ ታከብራት ነበር። እኔ የራጅ ትምህርት መጀመሬን በሰማች ቀን ግን ሻሿን ገለጥ አድርጋ አሳየችን። ፀጉሯ በየቦታው ሳስቶ፣ እዚህም እዚያም ጨርሶ ራሰ በራ ሆኖ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ1948 እስከ 1960 ባሉት ዓመታት፣ ወደ እስራኤል ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የገቡ ብዙ ሕፃናት ለራስ ጭርት በራጅ ጨረር ታከሙ። ያኔ ይህ በብዙ አገር የታወቀ ሕክምና ነበር። ጨረሩ ፀጉሩን ያረግፈዋል፣ ከፀጉሩ ጋር ፈንገሱ ይወጣል ተብሎ። የራስ ቅሉ በአምስት አቅጣጫ እየተከፈለ ተራ በተራ ይመታል። ኋላ በተሰላው መሠረት የልጁ አንጎል በአማካይ 1.5 ግሬይ ያህል ይቀበል ነበር። ግሬይ ሰውነት የዋጠው ጨረር መለኪያ ነው፤ ዛሬ አንድ ተራ የደረት ራጅ የዚያን ከሺህ አንዱን እንኳ አይሰጥም። ሐኪሙ ባሩክ ሞዳንና ባልደረቦቹ ከ10 ሺህ የሚበልጡ እንዲህ የታከሙ ሰዎችን ተከታትለው በ1974 በላንሴት መጽሔት ላይ ካንሰር መብዛቱን አሳወቁ። በ1988 ደግሞ በአንጎል ሽፋን ላይ የሚወጣው ሜኒንጂዮማ የተባለ ዕጢ ካልታከሙት ጋር ሲነጻጸር ወደ 10 እጥፍ ገደማ መድረሱ ታተመ። የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴት የካሣ ሕግ ያወጣው በ1994 ነው። ሕክምናውን ያስቆመው ግን ሕግ ሳይሆን በ1950ዎቹ ማብቂያ የመጣው ግሪሴኦፉልቪን የተባለ የፈንገስ ኪኒን ነው።

ጎረቤታችን በዚያን ቀን አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ «ያኔ መከላከያ የሚሆን ነገር አልነበረም ወይ?» ተማሪ ነበርኩ፣ የምመልሰው አልነበረኝም። በኋላ ስመለከት ጥያቄዋ ካሰብኩት በላይ ትክክለኛ ነበር።

ጨረር ሰውነት ውስጥ ሲገባ በሕዋስ ውስጥ ያለውን ውኃ ይበጥሰውና ነፃ ራዲካል የሚባሉ ቁርጥራጮችን ይፈጥራል፤ እነሱ ዲኤንኤውን ይሰብራሉ። ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሕዋሳት ቀድመው ይሞታሉ፦ ደም የሚሠራው መቅኔ፣ የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን፣ የፀጉር ሥር። በ1949 ቺካጎ አካባቢ ሁለት ነገሮች ታዩ። ሃርቪ ፓት በአርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሲስቴይን የተባለውን፣ ድኝ ያለበትን አሚኖ አሲድ ከጨረር በፊት ለአይጦች ሰጥቶ ብዙዎቹ እንደሚተርፉ አሳየ፤ ድኙ ራዲካሎቹን ይይዛቸዋል። በዚያው ዓመት ሊዮን ጃኮብሰን በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የአይጥን ጣፊያ ብቻ በእርሳስ ሸፍኖ ቀሪውን አካል በሚገድል ጨረር መታ። አይጧ ተረፈች። በ1951 ደግሞ ኤጎን ሎሬንዝ የጤነኛ አይጥ መቅኔ በመውጋት ብቻ የተመታችውን ማዳን እንደሚቻል አረጋገጠ።

ሦስቱም መንገዶች የተገኙት በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፦ ቀድሞ የሚወሰድ ኬሚካል፣ የሚሸፍን እርሳስ፣ ከጉዳት በኋላ የሚተካ መቅኔ። ጎረቤታችን በመዓባራው ራሷ በጨረር ሲመታ ይህ ሁሉ በመጽሔት ላይ ታትሞ ነበር። ለአይጥ የሚታሰበው ለሕፃን አልታሰበም፤ እኔ ይህን ስጽፍ ሳልናደድ አልጽፈውም። በእርግጥ ኬሚካሉ ያኔ ለሰው የሚሰጥ አልነበረም። ግን ጭርት ማንንም አይገድልም፤ ትክክለኛው መከላከያ ጨረሩን መተው ነበር።

የኬሚካሉ መንገድ ረጅም ሄደ። የአሜሪካ ጦር ዋልተር ሪድ የምርምር ተቋም ከ4 ሺህ በላይ ውሕዶችን ፈትኖ አንዱን መረጠ፤ ዛሬ አሚፎስቲን ይባላል። የተሠራው ለኑክሌር ጦርነት ነበር፤ ሥራ ላይ የዋለው ግን ለካንሰር ሕሙማን ነው። በ1999 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የራስና የአንገት ጨረር ሕክምና ለሚወስዱ ሰዎች የምራቅ ዕጢያቸው እንዳይደርቅ እንዲሰጥ ፈቀደው። በተማሪነቴ በጨረር ሕክምና ክፍል ስለማመድ የሚወስዱትን አይቻለሁ። ከጨረሩ በፊት በደም ሥር ይሰጣል፣ ታማሚው ተኝቶ የደም ግፊቱ ደጋግሞ ይለካል፣ ምክንያቱም ግፊቱ በድንገት ይወርዳል፤ ማስመለሱም አለ። አንዳንዱ በሦስተኛው ቀን «ምራቄ ይድረቅ፣ ይሄን ግን ተዉኝ» ይላል። ወታደር በጦር ሜዳ ይህን ውጦ ይሮጣል ብሎ ያሰበ ሰው ታማሚ አላየም።

አብሮ የመስጠት ሐሳብ የመጣው ከዚህ ችግር ነው። አንዱን መድኃኒት ጉዳት እስኪያመጣ ድረስ ከመጨመር፣ በተለያየ መንገድ የሚሠሩ ብዙዎችን በትንሽ በትንሹ መስጠት። በቤልጅየም ሞል በሚገኘው የኑክሌር ምርምር ማዕከል ማይሰን የተባለው ተመራማሪ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ድኝ ያለባቸውን ውሕዶች ከሴሮቶኒን ጋር እየቀላቀለ ለአይጦች ሰጠ። ድኙ ራዲካሎችን ይይዛል፤ ሴሮቶኒን የደም ሥሮችን አጥብቦ ለሕዋሱ የሚደርሰውን ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ኦክስጅን ደግሞ የጨረርን ጉዳት የሚያባብስ ነው። ድብልቁ ከነጠላዎቹ ይልቅ አይጦቹን አቆያቸው። አይጥን።

ስለ አዮዲን ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉ «የጨረር ኪኒን» ሲል እሷን ነው የሚያስበው። በ2004 በዲሞና ሪአክተር ዙሪያ ለሚኖሩ ሰዎች ስትታደል የእኛም ሰዎች ያወሩባት ነበር፤ አንድ አጎቴ ሁለት ብወስድ ሁለት እጥፍ ትጠብቀኝ ይሆን ወይ ብሎ ጠይቆኛል። አትጠብቀውም። ኪኒኗ የአንገቱን ዕጢ በንጹሕ አዮዲን ሞልታ፣ ከሪአክተር አደጋ የሚወጣው ሬዲዮአክቲቭ አዮዲን ቦታ እንዲያጣ ታደርጋለች፤ ለመቅኔ፣ ለሳንባ፣ ለአንጀት ምንም አትፈይድም። ከስሜን ደጋ የመጣ ሰው ግን ይህን ዕጢ ያውቀዋል፤ በምድራችን አዮዲን በማነሱ እንቅርት ያላት አክስት የሌለችው ቤተሰብ ጥቂት ነው። ዕጢው አዮዲን ሲራብ ያገኘውን ሁሉ ይስባል፣ መርዛማውንም ጭምር። ከቼርኖቤል ሪአክተር አደጋ በኋላ አዮዲን በሚያንስባቸው ወረዳዎች የሕፃናት የዕጢ ካንሰር አደጋ የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። ፖላንድ በ1986 ከ10 ሚሊዮን ለሚበልጡ ልጆች አዮዲን ያጠጣችው በጥቂት ቀን ውስጥ ነው፤ እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከማደንቃቸው የመንግሥት ሥራዎች አንዱ ነው።

አሁን ወደ ሬሆቮት።

ሊዮ ሳክስ በ1924 በላይፕዚግ ተወለደ፤ ናዚዎች ሲነሡ ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ ሸሸ። በእርሻ ሥራ ላይ ቆይቶ፣ ተምሮ በ1952 ሬሆቮት ወደሚገኘው ቫይዝማን የምርምር ተቋም መጣ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ እሱና ተማሪዎቹ የደም ሕዋሳትን ከሰውነት ውጪ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ማሳደግ ቻሉ። በ1965 ከዶቭ ፕሉዝኒክ ጋር ባሳተመው ሥራ፣ አንድ ሕዋስ ወደ መንጋ እንዲባዛ ሌሎች ሕዋሳት የሚያመነጩት ንጥረ ነገር እንደሚያስፈልገው ታየ። በአውስትራሊያ ዶናልድ ሜትካፍና ሬይ ብራድሊ በራሳቸው መንገድ ወደዚያው ደረሱ። ከዚያ ንጥረ ነገር ፍለጋ ነው ዛሬ ጂሲኤስኤፍና ጂኤምሲኤስኤፍ የሚባሉት የተገኙት፦ መቅኔን «ነጭ የደም ሕዋስ ሥራ» ብለው የሚያዙ ፕሮቲኖች። ዛሬ በኩፓት ሆሊም፣ ማለትም በጤና መድኅኑ ክሊኒክ ፍሪጅ ውስጥ የምትገኘው፣ የኬሞ ታማሚ ሆዱ ላይ የሚወጋት መርፌ ከዚያ ዘር ናት።

በዚያው ተቋም ያይር ራይዝነር የተባለ ሳይንቲስት የመቅኔን መንገድ ያዘ። የመቅኔ ንቅለ ተከላ ችግሩ ይታወቃል፦ የሰጪው ቲ ሕዋሳት የተቀባዩን አካል እንደ ባዕድ ቆጥረው ይወጉታል፤ ስለዚህ የሚመሳሰል ወንድም ወይም እኅት ከሌለ መትከል ገዳይ ነው። ራይዝነር በቫይዝማን በናታን ሻሮን ቤተ ሙከራ የሚጠናውን፣ ከአኩሪ አተር የሚወጣ ፕሮቲን ተጠቀመ። ፕሮቲኑ አንዳንድ ሕዋሳትን አጣብቆ ያወርዳል፣ ሌሎቹን ይተዋል፤ በዚህም ቲ ሕዋሳቱን ከመቅኔው መለየት ቻለ። በ1981 በኒውዮርክ ከሪቻርድ ኦራይሊ ቡድን ጋር ሆኖ በግማሽ ብቻ የሚመሳሰል የወላጅ መቅኔ መትከል እንደሚቻል በላንሴት አሳተመ። ማንኛውም ሰው አባት ወይም እናት አለው፤ የሰጪ እጥረት መፍትሔው ከአኩሪ አተር ወጣ።

በ1986 ኤፕሪል ቼርኖቤል ሲፈነዳ አሜሪካዊው የመቅኔ ሐኪም ሮበርት ጌል ወደ ሞስኮ ሄደ፤ ራይዝነርም ተጠርቶ ሄደ። ያኔ በእስራኤልና በሶቪየት ኅብረት መካከል የዲፕሎማሲ ግንኙነት አልነበረም። 134 ሰዎች ብርቱ የጨረር ሕመም ያዛቸው፤ 28ቱ በዚያው ዓመት በጥቂት ወራት ውስጥ ሞቱ። ለ13ቱ መቅኔ ተተከለላቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ከ13ቱ በሕይወት የነበሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ እነሱም የዳኑት የራሳቸው መቅኔ አገግሞ ነው። ጋዜጦች ያን ጊዜ ንቅለ ተከላውን እንደ ተአምር ነበር የጻፉት። ሐኪሞች ግን የተማሩት ሌላ ነገር ነው፦ በአደጋ የተመታ ሰው ቆዳው ተቃጥሏል፣ አንጀቱ ቆስሏል፣ ሳንባው ተጎድቷል፤ መቅኔ ብቻ መተካት የቤቱን አንድ ምሰሶ ማቆም ነው። በሌላ በኩል፣ ብዙ ጊዜ የተወሰነ የመቅኔ ሕዋስ በሰውነት ውስጥ ይተርፋል። የተረፈውን ማንቃት ቢቻልስ?

በ1987 ሴፕቴምበር በብራዚል ጎያንያ ከተማ ከተተወ ክሊኒክ የተሰረቀ የሲዚየም ምንጭ ተሰብሮ አራት ሰዎች ገደለ። እዚያ ሁለት ነገር አብሮ ተሰጠ። ፕሩሺያን ብሉ የተባለው ሰማያዊ ቀለም ሲዚየሙን አንጀት ውስጥ ይዞ በዓይነ ምድር እንዲወጣ አደረገ፤ ስምንት ታማሚዎች ደግሞ ጂኤምሲኤስኤፍ ተወጉ፣ ይህ መድኃኒት በጨረር አደጋ ለሰው ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር።

ቀጥሎ ተራው የእኛ አሸዋ ሆነ።

1990 ጁን 21፣ ሐሙስ። ሶሬቅ ግቢ ውስጥ፣ ከሪአክተሩ የተለየ፣ የሕክምና ዕቃዎችንና ቅመማ ቅመምን በኮባልት 60 ጨረር ከተሕዋስያን የሚያጸዳ የንግድ ፋብሪካ ነበር። ዕቃው በካርቶን ታሽጎ በሚንቀሳቀስ መስመር ይገባል፣ ኮባልቱ ከውኃ ገንዳ ይወጣና ያበራበታል፣ ሥራው ሲያበቃ ወደ ገንዳው ይመለሳል። በዚያ ቀን ካርቶኖች ተጨናንቀው ኮባልቱ እንዳይወርድ አገቱት። ሁለት ምልክቶች ተጋጩ፦ አንዱ ምንጩ ወርዷል ይላል፣ የጨረር ማስጠንቀቂያው ደግሞ ይጮኻል። በሥራ ላይ የነበረው ሠራተኛ የመጀመሪያውን አምኖ ማስጠንቀቂያውን አለፈና ገባ። ጥቂት ቆይቶ ዓይኑን አቃጠለው፣ ራሱን ፈለጠው፤ ወጣ። በዚያች አጭር ጊዜ የተቀበለው ከ10 እስከ 20 ግሬይ ተገመተ። ያለ ሕክምና ከሰዎች ግማሹን የሚገድለው 4 ግሬይ ገደማ ነው።

ኢየሩሳሌም በሚገኘው ሐዳሳ ሆስፒታል ታከመ። የተሰጠው ያን ጊዜ የነበረው ሁሉ ነው ማለት ይቻላል፦ መቅኔ ተተከለለት፣ ጂኤምሲኤስኤፍና ኢንተርሉኪን 3 የተባሉ ሁለት የደም ማነቃቂያዎች አብረው ተሰጡት፣ ከኢንፌክሽን መከላከያዎች ጋር። ከሬሆቮት የተነሡት ሁለቱ የምርምር መንገዶች፣ የማነቃቂያውና የመቅኔው፣ ከሬሆቮት ትንሽ አለፍ ብሎ ለተመታ ሠራተኛ በአንድ አልጋ ላይ ተገናኙ። በ36ኛው ቀን ሞተ። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በ1993 ስለ አደጋው ዘገባ አሳተመ፤ እኔ ለአዳዲስ ሠራተኞች ስለ በርና ስለ ማስጠንቀቂያ መብራት ሳስተምር አሁንም የማነሣው እሱን ነው። ከመድኃኒቱ ይልቅ በሩ ላይ ማተኮሬን የሚጠሉ ተለማማጆች አሉ። ይጥሉት።

በዚያ ጁን እኛ አዲስ አበባ ነበርን፤ ከጎንደር ወርደን የእስራኤል ኤምባሲ አጠገብ ወረፋ እንጠብቅ ነበር። ያቭኔ የምትባል ከተማ መኖሯንም አላውቅም። በዓመቱ፣ በ1991 ሜይ፣ የኢትዮጵያ አይሁዶችን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ባመጣው የሰሎሞን ዘመቻ መጣን።

የቅመሙ ነገር ግን ቤታችን ድረስ መጥቷል። እናቴ አሁን ገዴራ፣ ሻፒራ ሰፈር፣ ከእኅቴ ጋር ትኖራለች። አንድ ቀን ደውላ፣

«ልጄ፣ የሱቁ በርበሬ ጨረር ገብቶበታል አሉ። ልድፋው ወይ?»

«እማ፣ አትድፊው። ጨረሩ አልፎ ሄዷል፣ በርበሬው ላይ አይቀርም።»

«ታዲያ ሰው ሞቶበት የለም ወይ?»

«ሰውየው ከጨረሩ ፊት ቆሞ ነው እንጂ በርበሬ በልቶ አይደለም።»

ዝም አለች። ከዚያ «ለማንኛውም እኔ ራሴ የደለዝኩትን እበላለሁ» ብላ ዘጋችው። እሷ ትሳሳታለች፣ ግን የጠየቀችው ጥያቄ ከባድ ነው። የኮባልት ጋማ ጨረር ምግብን ሬዲዮአክቲቭ አያደርግም፤ ለምግብ የሚፈቀደው መጠን በዓለም አቀፍ ደረጃ በጥቅሉ እስከ 10 ኪሎግሬይ ነው፣ ሰውን ከሚገድለው 2,500 እጥፍ ማለት ነው። በርበሬው ውስጥ የሚሞቱት ተሕዋስያን ናቸው። ያው ኮባልት በአዲስ አበባ ቃሊቲ የቆላ ዝንብ ወንዶችን ለማምከን አገልግሏል፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ለብዙ ዓመታት የአገሪቱን የካንሰር ሕሙማን ብቻውን ሲያክም የነበረው በኮባልት መሣሪያ ነው።

ከሶሬቅ በኋላ ሁለቱ መንገዶች እንደገና ተገናኙ፣ ያሁኑ ግን በጣልያን ፔሩጃ ነበር፣ ለሉኪሚያ ታማሚዎች። ራይዝነርና የፔሩጃ ሐኪሞች በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጂሲኤስኤፍን ለሰጪው ወጉ፤ መድኃኒቱ የመቅኔ እናት ሕዋሳትን ወደ ደም እንዲወጡ ያደርጋል። በዚህ መንገድ ከተለመደው እጅግ የበዛ ሕዋስ ሰበሰቡ፣ ቲ ሕዋሳቱን አወጡ፣ ግማሽ ለሚመሳሰል ታማሚ ሰጡ። ብዛቱ የተቀባዩን እምቢታ አሸነፈው። የሳክስ ማነቃቂያና የራይዝነር ማጣራት ብቻቸውን ያልቻሉትን አብረው ቻሉ። የጨረር አደጋ መድኃኒት ፍለጋ ለጨረር አደጋ ካበረከተው ይልቅ ለሉኪሚያ ሕፃናት ያበረከተው ይበልጣል ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ለአደጋው ግን መድኃኒት በሰው ላይ መፈተን አይቻልም፤ ሰው በጨረር መትቶ «እስቲ ይህን ውሰድ» የሚል ሐኪም የለም። ስለዚህ አሜሪካ በ2002 እንዲህ ላለው መድኃኒት የእንስሳት ሙከራ እንዲበቃ ደንብ አወጣች። 7.5 ግሬይ በተመቱ ጦጣዎች ላይ ጂሲኤስኤፍ ከተሰጣቸው 79 ከመቶ፣ ካልተሰጣቸው 41 ከመቶ በ60ኛው ቀን በሕይወት ነበሩ። በ2015 ፊልግራስቲምና ፔግፊልግራስቲም፣ በ2018 ሳርግራሞስቲም፣ በ2021 ደግሞ ፕሌትሌትን የሚያበዛው ሮሚፕሎስቲም ለጨረር ሕመም ተፈቀዱ።

እነዚህ ሁሉ የሚያዙት ግን በሕይወት ያለ ሕዋስን ነው። መቅኔው ጨርሶ ከሞተ ትእዛዙን የሚሰማ የለም። ስለዚህ የጃኮብሰን እርሳስ ተመልሶ መጣ። ስቴምራድ የተባለው የቴል አቪቭ ኩባንያ፣ ወደ አደጋ ቦታ ለሚገቡ ሠራተኞች ዳሌን የሚሸፍን ከባድ ቀበቶ ሠራ፤ ከዐዋቂ ሰው ደም የሚሠራ መቅኔ ግማሽ ያህሉ ያለው ዳሌና አካባቢው ላይ ነው። መላ ሰውነትን የሚሸፍን እርሳስ ለብሶ መራመድ አይቻልም፤ አንዱን ቦታ አድኖ ቀሪውን ለማነቃቂያው መተው ግን ይቻላል። ኩባንያው ለጠፈርተኞች የሠራው ሰደርያ በ2022 መጨረሻ በአርቴሚስ 1 መንኮራኩር ጨረቃን ዞሮ ተመለሰ፤ ሄልጋና ዞሃር ከተባሉት ሁለት አሻንጉሊቶች ዞሃር ለብሳው፣ ሄልጋ ባዶዋን።

የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ሁሉ ስነግራቸው «ታዲያ ዛሬ ያ የሶሬቁ ሰው ቢመጣ ይድናል?» ይሉኛል። በ5 ወይም በ6 ግሬይ የተመታ ቢሆን ዕድሉ ያኔ ከነበረው ይሻላል፦ ማነቃቂያው ያው በየፋርማሲው አለ፣ ግማሽ የሚመሳሰል መቅኔ መትከል ዛሬ በየአገሩ ይሠራል፣ የፈንገስና የቫይረስ መድኃኒቱም በዝቷል። በ10 እና በ20 መካከል ግን የሚሞተው አንጀቱ፣ ሳንባውና ቆዳው ጭምር ነው። ለደሙ አራት መድኃኒት ተፈቅዷል። ለአንጀቱ እስካሁን የተፈቀደ አንድም የለም።